ስንት ጊዜ አጨበጨበ? ለጋሽ ሰይድ ጎሚስታው

ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከሁለቱ የኒም ዛፎች ሥር፣ የከባድ መኪና ጎማ ሲሠሩ የኖሩት ጋሽ ሰይድ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አርፈዋል። ሱቃቸው በር ላይ፣ ከአሮጌ ጎማ በሠሯት መቀመጫቸው እንደ ተቀመጡ ነው ያገኟቸው። ኮምፕሬሰሩ ገና አልተነሣም ነበር። ቀብራቸውም በዚያው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል።

እኔ የሰማሁት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። አርፍዳ የገባች የአንድ ለአምስት ቡድናችን ልጅ ደብተሯን እንኳ ሳታወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሰብለ፣ ያንቺ ጎሚስታ ሞቱ እኮ» አለችኝ። ያንቺ ጎሚስታ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚሏቸው። ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁና ሮጥኩ፤ ስደርስ ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ሄደዋል። ኒሞቹ ሥር ኮምፕሬሰሩ ብቻውን ቆሟል። ሲንተከተክ የኖረ ነገር ዝም ሲል እንዴት እንደሚገዝፍ ያን ቀን አየሁ።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ከደሴም ከአዲስ አበባም ለምትመላለሱ ሾፌሮች፣ የጋሪያችሁን ጎማ በነጻ ለሞሉላችሁ ውሃ ሻጮች፣ ኳሳችሁን ይዛችሁ ለምትሰለፉ ልጆች፣ ለጎረቤቶቻቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው አገር ላለችው ልጃቸው ለዘሃራ። የአማርኛ መምህራችን ዘንድሮ «ሰብለ፣ ብዕርሽ ተፈቷል፤ እንግዲህ የምትጽፊውን ፈልጊ» ብለውኝ ነበር። በደስታ ሰከርኩ ማለት ይቻላል። ስለ ማንጎ ጻፍኩ፣ ስለ ሙቀቱ ጻፍኩ፣ ከጣርማ በር ወርዶ እኛ ጋ ሳይደርስ ስለሚጠፋው ጉም ጻፍኩ። ሁሉንም ለጋሽ ሰይድ አንብቤላቸዋለሁ። እንግዲህ የምጽፈው ተገኘ፤ ምነው ባልተገኘ።

ትውውቃችን የተጀመረው በሳይክል ነው። ቤታችን ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ትምህርት ቤት በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነው አጎቴ ከዚያው አንድ ያገለገለ ሳይክል በመኪናው አናት ጭኖ አመጣልኝ። ሦስት ሳምንት እንደ ንጉሥ ልጅ ተንፈላሰስኩ። በአራተኛው የግራር እሾህ የኋላ ጎማዬን ወጋው።

ገፍቼ ሳይክል አከራዩ ዳኜ ዘንድ ወሰድኩት። ዳኜ ጎማውን ከቸርኬው ፈልቅቆ እጁን ከተተ፤ ዳበሰ፤ ከዚያ እንደ ሐኪም ቀና ብሎ «ከመነዳሪው የታለ?» አለኝ። ጎማ ሁሉ በሆዱ ንፋስ የሚይዝ ላስቲክ ያለው ይመስለን ነበር። የእኔው ባዶ ነው።

«ተሰርቃችኋል!» አለ ዳኜ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ። «አውጥተው ሸጠውባችሁ ነው!»

«ታዲያ ሦስት ሳምንት በምን ሄደ?» አልኩት።

«በጸሎት!»

ሰው ተሰብስቦ ሳቀ። እናቴ ስልክ መትታ አጎቴን «አንጀት የሌለው ሳይክል ነው ያመጣህልን?» ብላ ጮኸችበት። እሱም ማርያምን፣ አልነካሁትም ይላል። ዳኜ በመጠኑ የሚሆን ከመነዳሪ ከተማውን አስሶ አጣ። በባዶውም ልሞክር ብሎ በእጅ ፖምፑ እስኪያልበው ነፋው፤ ንፋሱ በጎንና በጎን እየሾለከ ይወጣል እንጂ ጎማው ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ «ወይ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ውሰጂው፣ ወይ ለዶሮ ማስፈሪያ ስቀይው» ብሎ ሰጠኝ።

ጋሽ ሰይድ ያን ጊዜ የተሳቢ ጎማ ላይ ናቸው። ጎማው በቁመት ይበልጣቸዋል። ጨርሰው ሲያበቁ የእኔን ተቀበሉኝ፤ አልሳቁም። የጎማውን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱትና «የተሰረቀች አይደለችም ልጄ» አሉኝ። «ይቺ እንደ አዲሶቹ መኪኖች ናት፤ ንፋሷን በራሷ የምትይዝ። ከመነዳሪ ቢሰጧትም አትፈልግም።»

«ታዲያ ዳኜ ሲነፋው ለምን እንቢ አለ?»

መልስ አልሰጡኝም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። ያኔ ኩራት መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው ግን እንደ ገባቸው ሁሉ ራሳቸው አመጡት። «ፖምፕ ያባብላል። ይቺን ማባበል አይሆንም፤ በአንድ ትንፋሽ ነው።»

ቀዳዳውን በጎማ ክር ደፈኑት። የሳሙና አረፋ በጣሳ መትተው የጎማውን ከንፈር ግራና ቀኝ ቀቡት። ከንፋስ መግቢያው ውስጥ ያለችውን ትንሿን ብረት ፈትተው አወጡና እንዳትጠፋ አፋቸው ውስጥ ያዟት። ከዚያ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ደግነው፣ እኔን በክንዳቸው ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ግራ መዳፋቸውን ቸርኬው ላይ አሳርፈው በጥርሳቸው መሐል «ቢስሚላሂ» አሉና ለቀቁት። ጎማው ተነፋ። ጧ! አለ። ዝም አለ። ደግሞ ጧ!

ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት ጊዜ አጨበጨበ?»

«ሁለት» አልኳቸው። አሁንም ያዩኛል። ሁለት ጣቴን አነሣሁ። ያኔ ፊታቸው በራ።

«አልሃምዱሊላህ። አንዱ የግራው ነው፣ አንዱ የቀኙ። ጎማ ሁለት ጊዜ ካላጨበጨበ ቸርኬው ላይ አልተቀመጠም። ያልተቀመጠ ጎማ ላይ ደግሞ ሰው አይቀመጥም።» ንፋሱን በጣታቸው አፍነው ብረቷን መለሱ፤ ከዚያ ለሳይክል የሚበቃውን ያህል ብቻ ጨምረው ሰጡኝ።

ጎማው ግን ቀስ እያለ ይተነፍስ ነበር። በየሳምንቱ ይላላል፤ አንዳንዴም ከቸርኬው ይላቀቃል። በየቅዳሜው ጠዋት ኒሞቹ ሥር መገኘት ልማዴ ሆነ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቅዳሜ አንድ የጭነት መኪና ከኋላቸው ቆሞ ጥሩምባውን ለቀቀው። እኔ ዘልዬ ሦስት ክንድ ርቄ ወደቅሁ። ጋሽ ሰይድ ሳሙናቸውን ይመታሉ። አረፋው እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሲዞሩ ዓይኔን አዩት። «አወቅሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ራሴን ነቀነቅሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ጎማ አጠገባቸው ፈንድቶ ነበር አሉኝ። የቀረውን ጆሯቸውን ኮምፕሬሰሩ ጨረሰው። «ሾፌር ይህን ከሰማ አይመጣም። ጎሚስታ በጆሮው ነው የሚሠራ ይላሉ። ሞተሩ ሲነሣ ግን ሁላችንም ደንቆሮ ነን፤ ያኔ ማን ይለየኛል?» ብለው ሳቁ። እውነት ነበር። የትልቁን ጎማ መቀመጥ በመዳፋቸው ያውቁታል፤ ክብደት አለው፣ ክንድ ድረስ ይነዝራል። የእኔ ጎማ ማጨብጨብ ግን የሕፃን ነው። እጃቸው ያገኘዋል፣ ግን አያምኑትም ነበር። ለዚያ ነው የሚጠይቁኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ማልኩላቸው፤ ለማንም አልናገርም።

ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ዘሃራ ጅዳ ናት። ዓርብ ዓርብ ትደውልላቸው ነበር። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «አዎ፣ አዎ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ ኢንሻአላህ» ይላሉ፤ የምትለውን ሳይሰሙ፣ በግምት። አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረስኩባቸው። «አሞኛል አባቴ» ስትል ከስልኩ ውጭ ለእኔ ይሰማል፤ እሳቸው «አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ» ይላሉ። ስልኩን ከእጃቸው ወሰድኩ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ በከንፈሬና በጣቴ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ለዘሃራ የጎረቤት ልጅ ናት፣ ስልኩ ስለሚያስቸግር ነው አሏት። ጆሯቸውን ከእሷም ደብቀውት ነበር። «ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ሌላ ጭንቀት አይጨመርባትም» አሉኝ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር እመጣለሁ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እዚህ ላለመድረስ ነው።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የተማሪዎች የሳይክል ውድድር ተዘጋጀ፤ ከከተማው ወደ ካራቆሬ በሚወስደው መንገድ ድልድዩን ተሻግሮ መመለስ ነው። ከሴቶች ሳይክል ያለን አምስት ብቻ ነበርን። ጠዋት ስነሣ የኋላው ጎማ ተላቅቋል። እየገፋሁ በሩጫ ደረስኩ። ጋሽ ሰይድ እንደ ሁልጊዜው አረፋ፣ ብረት፣ መዳፍ፣ ቢስሚላሂ። ጎማው ጧ! አለ።

ጠበቅሁ። ሁለተኛው አልመጣም።

ተላላኪ ልጆች ከሜዳው «ሰብለ! እየጀመሩ ነው!» እያሉ ይጠሩኛል። አንድ ጊዜ ነው ብል ንፋሱ ይለቀቃል፣ እንደገና አረፋ ይመታል፣ እንደገና ይሞከራል። ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው «ስንት ጊዜ አጨበጨበ?» አሉኝ።

ሁለት ጣት አነሣሁ።

ጣቶቼን ትንሽ አቆይተው አዩዋቸው። ከዚያ ብረቷን መለሱ።

ድልድዩን በሁለተኛነት ተሻገርኩ። መመለሻው ላይ ስታጠፍ ጎማው ከቸርኬው ወጣ። ክንዴ ተሰበረ፣ ግንባሬ ተተረተረ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። እኔን ጤና ጣቢያ ሲወስዱኝ ሌላው ሰው ወደ ኒሞቹ ሄደ። ዳኜ በኋላ እንደ ነገረኝ፣ አንዱ ከኋላቸው ቆሞ ሦስት ጊዜ «ጋሽ ሰይድ!» ብሎ ጮኸ፤ አልዞሩም። «ደንቆሮ ናቸው እኮ! በዚህ ጆሮ ነው የሰው ነፍስ የሚይዙት?» ተባለ። ሾፌሮቹ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ተሻግረው ማዶ ወዳለው ጎሚስታ መሄድ ጀመሩ። እናቴም «ሁለተኛ እዚያ እንዳትደርሺ» አለችኝ። እኔ ዝም አልኩ። ሁሉም ሰው ክንዴን እያየ ያዝንልኝ ነበር፤ ማዘናቸውን ወደድኩት።

በአሥረኛው ቀን ተደብቄ ሄድኩ። ኮምፕሬሰሩ ጠፍቷል፤ መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ፋሻውን አዩ፣ ግንባሬን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴ ላይ አሳረፉት።

«እጄ አንድ አለኝ» አሉ። «ጣትሽ ሁለት አለኝ። ጣትሽን አመንኩ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ለዚያ ነው ያስለቀሰኝ።

«ለምን አልነገሯቸውም ጋሽ ሰይድ?»

«ምን ብዬ? ልጅ ዋሸችኝ ብዬ? እኔ ጆሮ ያጣሁት ሸምግዬ ነው። አንቺ ገና ሳትጀምሪ ስም ታጪ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ትነግሪያለሽ። መጀመሪያ ክንድሽ ይዳን።»

ክንዴ ዳነ። አልተናገርኩም። እናቴን እየለመንኩ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴን ግን ቀጠልኩ። ስንት ጊዜ ይሉኛል፤ አንድ ከሆነ አንድ፣ ከናካቴው ካላጨበጨበም ጡጫዬን ጨብጬ አሳያለሁ። ዳግመኛ በእጃቸው አላጣሩኝም፤ መዳፋቸውን ጀርባቸው ላይ አድርገው ጣቴን ብቻ ይጠብቁ ነበር። ያንን ከማድረግ ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ለእኔ ብቻ የሚነሣበት ሳምንት እየበዛ መጣ። አንድ ቅዳሜ ከደሴ ያስመጡትን ከመነዳሪ ከግድግዳው ሚስማር አውርደው «ይኸው በመጠኑ ተገኘልሽ፤ ከእንግዲህ መመላለስ የለብሽም» አሉኝ። «መመላለሱን እፈልገዋለሁ» አልኳቸው፣ ቃል በቃል በከንፈሬ። መልሰው ሰቀሉት። ቀኑን ሙሉ ያፏጩ ነበር፤ እንደሚያፏጩ እንኳ አያውቁም።

ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሁሉም ደግነታቸውን ያነሣል። አንድ ሾፌር ልጆቹን ይዞ መንገድ ላይ መኪናው ሲበላሽበት ቤታቸውን ለቀውለት ራሳቸው ሱቅ ማደራቸውን አንዷ ተናገረች። ከእያንዳንዱ ምስጋና በኋላ ግን ያው ነገር ይመጣል። «ደግ ነበሩ፤ ብቻ ያቺን ልጅ ለጥቂት ሊገድሏት! ጆሮ ከሌለ ምን ያደርጋል?» አሉ አጠገቤ ያሉ አንዲት እትዬ። ሌላዋ በክርናቸው ጎሸም አድርገው ወደ እኔ አመለከቷቸው። እትዬም «ውይ፣ አንቺ ነሽ? አላህ ያተረፈሽ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ጠባሳው ላይ። ያኔም ዝም አልኩ።

የጋሽ ሰይድ ስልክ የጠራው ከዚህ በኋላ ነው። ጎረቤታቸው አነሡት፣ አለቀሱ፣ ከዚያ «ያቺን ልጅ ትፈልጋለች» ብለው ሰጡኝ። ዘሃራ ናት። መምጣት አልቻለችም፤ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። ስታለቅስ ቆይታ ድምጿን አስተካከለች።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ያሉ የአገር ልጆች ነገሩኝ። አባቴ ደንቁሮ ሳለ ከሰው ደብቆ ሲሠራ ልጅ ሊገድል ነበር የሚሉኝ እውነት ነው?»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ያያሉ። እናቴም አለች።

«አይደለም» አልኳት። «ጎማው ያጨበጨበው አንድ ጊዜ ነው። ሰምቻለሁ። እሳቸውም በእጃቸው አውቀዋል። እኔ ነኝ ሁለት ያልኳቸው። ውድድሩ እንዳያመልጠኝ ዋሸኋቸው። እሳቸው ግን ለማንም አልተናገሩብኝም።»

ስልኩ ውስጥ ጅዳ ያለ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። ከዚያ ዘሃራ «ጻፊልኝ» አለችኝ። «አሁን እንደ ነገርሽኝ አድርገሽ ጻፊው። ለሁሉም ይነበብ።» እናቴ በራችን ላይ ስንደርስ «ለእኔ እንኳ?» አለችኝ።

እነሆ ጽፌዋለሁ። ማዶ ትሄዱ የነበራችሁ ሾፌሮች፣ ይህን ሳታውቁ ነው የተሻገራችሁት፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ጆሯቸው አይሰማም ነበር፣ አዎ። ሥራቸው ግን አንድም ቀን አልዋሸም።

እንግዲህ ጋሽ ሰይድ፣ የቀረው ለአንቱ ነው።

ክንድሽ ይዳን መጀመሪያ ብለውኝ ነበር። ከዳነ ቆየ። አንቱ ከኒሞቹ ሥር ባዶ መንገድ ሲያዩ እኔ ማንጎና ጉም እየጻፍኩ አነብልዎ ነበር፤ ከንፈሬን እያዩ የምትናገረው ዛሬ ይሆን ብለው እንደ ጠበቁ አሁን ነው የገባኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም። ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጎማዬ እንደ ልማዱ ላልቶ አደረ። ከመነዳሪውን ጎረቤትዎ ከሚስማሩ አውርደው ሰጥተውኛል፤ ግን አላስገባሁትም። መንገዱን ተሻግሬ ማዶ ያለው ጎሚስታ ዘንድ ገፋሁት። አረፋ መምታቱን፣ ብረቷን ማውጣቱን እኔ አሳየሁት። ንፋሱን ከመልቀቁ በፊት ግራ መዳፌን ቸርኬው ላይ አሳረፍኩ። በእኔ አፍ ባያምርም ቢስሚላሂ አልኩልዎ። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በእጅ ብቻ ምን ያህል እንደሚሰማ ማወቅ ፈልጌ ነበር። በጣም ትንሽ ነው ጋሽ ሰይድ። ዓሣ እንደምታንቀሳቅሰው ውሃ ነው። ግን ይሰማል።

ጎሚስታው «ተቀመጠ?» አለኝ። ወደ ኒሞቹ ዞርኩና፣ ቢያዩኝም ባያዩኝም፣ ጣቶቼን ከፍ አድርጌ ያዝኳቸው።

ሁለት ነው፤ የዛሬው እውነት ነው። ደህና ይረፉ።